የማህፀን የውስጥ ሽፋን እድሳት

የማህፀን የውስጥ ሽፋን ወይም ኢንዶሜትሪየም በየወሩ ረግፎ ያለ ጠባሳ እንደገና የሚያድግ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለት ንብርብሮች አሉት፦ የላይኛው በወር አበባ ጊዜ ይወገዳል፤ ከማህፀን ጡንቻ ጋር የተያያዘው የሥር ንብርብር ግን ይቀራል። ቀጥሎ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሽፋኑን መልሶ ያወፍረዋል።

የእድሳቱ ምንጭ በዋናነት በሥር ንብርብሩ ያሉ ግንደ ህዋሳት ወይም ስቴም ሴሎች እንደሆኑ ይታሰባል። እነዚህ ህዋሳት ራሳቸውን ይተካሉ፤ ወደ ሌሎች የሽፋኑ ህዋሳትም ይለወጣሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ካሮላይን ጋርጌትና ባልደረቦቻቸው ከሽፋኑ የተወሰዱ ጥቂት ህዋሳት እያንዳንዳቸው በላቦራቶሪ ሊባዙ እንደሚችሉ አሳዩ።

የሥር ንብርብሩ ራሱ ከተጎዳ፣ ለምሳሌ ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚደረግ የማህፀን ጠረጋ፣ እድሳቱ ሊቋረጥና የማህፀን ግድግዳዎች በጠባሳ ሊጣበቁ ይችላሉ። አሸርማን ሲንድሮም የሚባለው ይህ ሕመም የወር አበባን ሊያስቀርና መካንነትን ሊያስከትል ይችላል።