ቁጥርን በካሬ መመንዘር

የቅርብ ዓመቶቻችንን ቁጥር በካሬ ብንመነዝር፣ 2015 አራት ካሬ ይጠይቃል፦ 43²+11²+6²+3²። ባነሰ እሺ አይልም። 2016 ሦስት ይበቃዋል፣ 44²+8²+4²። 2017 ደግሞ በሁለት ያልቃል፣ 44²+9²። ጎረቤታሞች ሆነው ለምን ተለያዩ? በሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል የትኞቹ ሙሉ ቁጥሮች እንደሚገኙ የሚያጠናው ዘርፍ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የሁለት ካሬ ነገር ቀድሞ የለየለት ነው። ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ያለ ማረጋገጫ የተናገረውን ኦይለር ከመቶ ዓመት በኋላ አረጋገጠው። አንድ ቁጥር የሁለት ካሬ ድምር እንዲሆን፣ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን፣ ለ4 ተካፍለው 3 የሚተርፋቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው መገኘት አለባቸው። 2016ን ያበላሸው ብቻውን የቀረው 7 ነው። አራት ካሬ ከተፈቀደ የሚያስቸግር ቁጥር የለም፤ ላግራንዥ በ1770 አሳይቶታል።

ፈተናው ያለው መሐል ላይ፣ ሦስቱ ዘንድ ነው። ሌዠንድር በ1798 እንዳስቀመጠው፣ የማይመነዘሩት ቁጥሮች፣ በ4 መካፈል እስኪያቅታቸው ተካፍለው፣ ለ8 ሲካፈሉ 7 የሚተርፋቸው ናቸው። 2015 ከነዚህ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚባለው 99 ኪሎ ሜትር ግን ለ8 ሲካፈል 3 ስለሚተርፈው የሦስት ጎዶሎ ቁጥሮች ካሬ ድምር ይሆናል፦ 7²+5²+5²። ከየካሬው 1 ቀንሰን ለ8 ስናካፍል 6፣ 3 እና 3 እናገኛለን፤ ድምራቸው 12 ነው። ሦስቱም ሀ(ሀ+1)/2 ከሚሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር የሦስት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ድምር እንደሆነ ጋውስ ገና በ19 ዓመቱ፣ በ1796፣ በማስታወሻው በደስታ ጽፎታል።

ራማኑጃን በ1917 ሀ²+ለ²+10ሐ²ን ሲመረምር ግን ሕግ ጠፋው። 3፣ 7፣ 21 እያሉ የሚቀጥሉት የማይገኙ ጎዶሎ ቁጥሮች ሥርዓት አልነበራቸውም። እስካሁን የታወቁት 18 ናቸው፤ ትልቁ 2719 ነው። ኦኖ እና ሳውንዳራራጃን በ1997 እንዳረጋገጡት፣ አጠቃላዩ የሪማን መላምት እውነት ከሆነ ሌላ አይጨመርም። አንዲት ትንሽ ቀመር ያን የመሰለ ግዙፍ መላምት መጠየቋ፣ ለእኔ የዘርፉ አስደናቂ ነገር ነው።

ኮንዌይ እና ሽኔበርገር በ1993 ያገኙት በተቃራኒው ቀሎ የሚገርም ነው፦ ዋጋው ሁልጊዜ አዎንታዊ የሆነና እንደ ሀለ ያሉት ቅይጥ ቃላቱ ኮፊሸንት ለ2 የሚካፈል ኳድራቲክ ፎርም (ቃላቱ ሁሉ ሁለተኛ ዲግሪ የሆኑ ፖሊኖሚያል) ከ1 እስከ 15 ያሉትን ከሰጠ ሁሉንም ይሰጣል። ባርጋቫ እና ሃንኬ ይህ የኮፊሸንት ገደብ ቢነሣ ድንበሩ 290 እንደሚሆን አሳይተዋል።

ተለዋዋጩ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ይቀላል የሚል ይሳሳታል። 10²+1=101 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 12²+1=145 ግን 5 በ29 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ኢቫኒየትስ በ1978 ሀ²+1 ቢበዛ ሁለት ብቸኛ አካፋዮች ያሉትን ቁጥር ማለቂያ ለሌለው ጊዜ እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ላንዳው በ1912 ያነሣው፣ ብቸኛ ቁጥርስ ማለቂያ ለሌለው ጊዜ ይሰጣል ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።