የእብድ ውሻ በሽታ፦ ፀረ እንግዳ አካላችን ቫይረሱን የት ላይ ነው የሚይዘው?

ማታ አምሽታችሁ በውቤ በረሃ ስታልፉ ከሰው ይልቅ ውሻ ይበዛል። አንዱ ቢነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ መተኛት የለም። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ትልልቆቹን ጠይቁ፤ ድሮ ፓስተር (የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት) ያዘጋጅ የነበረውን ክትባት ያስታውሳሉ። ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሳምንት! የሚሠራው ቫይረሱን በበግ አንጎል ውስጥ አራብቶ በኬሚካል ኃይሉን በማሳጣት ነበር። ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጣጣው ግን የአንጎል ፕሮቲንም አብሮ መግባቱ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት የራሱን ነርቭ ያጠቃል። በሴል ላይ የሚመረተው የአሁኑ ክትባት ይሄ ችግር የለበትም።

ታዲያ ሰውነታችን ማወቅ ያለበት የቫይረሱን የቱን ክፍል ነው?

ቫይረሱ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ቫይረሱን የሚያከሽፈው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) የሚይዘው እሱን ነው፤ እሱንም የተወሰኑ ቦታዎች ላይ ብቻ። ቦታዎቹ ኤፒቶፕ ይባላሉ። ፕሮቲን ደግሞ እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰካ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ይሄኛው 505 ፍሬ አለው። የፍሬዎቹን ቅደም ተከተል ብቻ አይቶ ኤፒቶፑን መገመት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1981 ሆፕ እና ዉድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀላል ሐሳብ አመጡ፦ ውሃ የሚወዱ አሚኖ አሲዶች የተሰበሰቡበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ላይ ስለሚሆን አንቲቦዲ ያገኘዋል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ብዙ ይስታል። ለምን? ክሩ ይጠቀለላላ! ከዋናዎቹ ኤፒቶፖች አንዱ ከ34ኛው እስከ 42ኛው እና ከ198ኛው እስከ 200ኛው ያሉትን ፍሬዎች ያካትታል። በክሩ ላይ ከ150 ፍሬ በላይ ይራራቃሉ፤ ሲጠቀለል ግን ይቀራረባሉ። ኮምፒዩተሩ ፍሬዎቹን ተራ በተራ ብቻ ከቆጠረ አንዱን ቦታ ሁለት የማይገናኙ ቁራጮች አድርጎ ያየዋል፣ ወይ ጭራሹን ያልፈዋል። አብዛኞቹ ኤፒቶፖች ደግሞ እንዲህ ዓይነት ናቸው። ለዚህ ነው አሁን መጀመሪያ የፕሮቲኑን ቅርጽ መተንበይ የተለመደው (አልፋፎልድን የሰማችሁ አላችሁ)።

ትንበያው ላብራቶሪን አይተካም፤ የሚሞከረውን ዝርዝር ያሳጥራል እንጂ። የተመረጠው ቁራጭ በትክክል ካልታጠፈ፣ የሚፈጠረው አንቲቦዲ ቁራጩን ይይዝና እውነተኛውን ቫይረስ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ «ኮምፒዩተር ክትባት ሠራ» የሚል ዜና ስታዩ፣ አንቲቦዲው ቫይረሱን ሲያከሽፍ ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ዛሬ ለተነከሰ ሰው ያለው ግን ሙሉ ቫይረሱ ተገድሎ የሚሰጠው ክትባት ነው። ሁለተኛው መርፌ ላይ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አታቋርጡ፤ ቀጠሮውን ጨርሱ።