«ኩላሊቴን!» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ካዛንቺስ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ ከሰዓት በኋላ ወገቡን ይዞ «ኩላሊቴን!» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው የጀርባ ጡንቻው ነው። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ካልያዘው በቀር ቀስ በቀስ እየደከመ ያለ ኩላሊት ብዙም አያምም።

የባሰው ደግሞ የምንወስደው መፍትሔ ነው። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተን ለሳምንታት እንውጣለን። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ፣ በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ላልታመመ ኩላሊት የተወሰደ መድኃኒት ኩላሊትን ያሳምማል ማለት ነው።

«ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» የሚል ባነር የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ እርዳታ እየጠየቀ ሲያልፍ የአቅማችንን እንሰጣለን። አብዛኛው ታማሚ ግን እዚያ የደረሰው በአንድ ሌሊት አይደለም። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ለሰውነት መልሰው ጥቂቱን በሽንት ያስወጣሉ። ከማጣሪያዎቹ የተወሰኑት ሲጎዱ የቀሩት ሥራውን ይሸፍናሉ። እግር ሲያብጥ፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲበረታ አቅሙ ብዙ ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ከባድ ነው። የኩላሊት እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሥራም ትዳርም በእጥበት ቀን ይለካል። ንቅለ ተከላ በሀገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። እሱም ቢሆን ለጋሽ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም የዕድሜ ልክ ነው።

ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ ወይም በቤተሰብዎ የኩላሊት ሕመምተኛ ካለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ምርመራዎች ይጠይቁ፦ በደም ክሪያቲኒን፣ በሽንት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን። የክሪያቲኒኑን ቁጥር ብቻ ይዘው አይመለሱ። ሰውነታቸው የከሳ አንዲት እናት ቁጥራቸው ደህና መስሎ ኩላሊታቸው ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከዕድሜና ከፆታ ጋር አስልቶ የማጣራት አቅሙን እንዲነግርዎ ያድርጉ። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ብዙዎች የሚዘሉት የሽንቱን ምርመራ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ኩላሊት ያጥባል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ቢራ ሽንት ያበዛል እንጂ ኩላሊት አያክምም። ጨው መቀነስ ግን ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ በወጡና በሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። የሚጾሙ ከሆነ ውሃ ሳይጠጡ የሚቆዩበትን ሰዓትና የመድኃኒትዎን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲንም ስለሚቀንሱ፣ «ግፊቴ ተስተካክሏል» ብለው በራስዎ አያቁሟቸው።