«አክተር አይሞትም!»
የካራቴ ፊልም ፍቅርና ያልተቀደደው ኪሴ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። አሊዩ አምባ ውስጥ በማስተምርበት መድረሳ የዕለቱን ትምህርት ጨርሰን ኪታቡን ልዘጋ ስል አንድ የ13 ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ የካራቴ ፊልም ማየት ሐራም ነው?» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። ጥያቄው የአንዱ ሳይሆን የሁሉም መሆኑ ከዓይናቸው ያስታውቃል። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ የተለመደውን ተግሣጽ ልጀምር አፌን ስከፍት ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ቀደመኝ። «ኡስታዝ፣ እርስዎስ አይተው ያውቃሉ?»

አፌ ተያዘ። ለምን ቢባል፣ ያለፈውን ሌሊት ልጆቼ ከተኙ በኋላ ስልኬን ይዤ፣ አንድ ሰው ከጣራ ጣራ እየዘለለ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ ሰባት ሰው ሲዘርር እያየሁ አምሽቼ ነበር። ዕድሜዬ 30ን ተሻግሯል፤ የልጆች አባት ነኝ፤ መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምሬያለሁ። ሰው እንደማይበርም አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ደስ ይለኛል!

ለልጆቹ የሰጠሁትን መልስ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ።

ማዳበሪያ የተጋረደበት ቤት

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የጥንት የንግድ ከተማ ናት። ባለፉት ዘመናት ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ግመላቸውን የሚያሳርፉባት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የአውሮፓ መንገደኞች ስለ ገበያዋ የጻፉላት ናት። እኛ ልጆች ግን ስለዚህ ታሪክ ምን ገዶን! በ1994 ዓ.ም. ገደማ ለእኛ የከተማዋ ትልቁ ነገር አንድ የጭቃ ቤት ነበረች። መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል። ከጓሮ ጀነሬተር ያጓራል። በሯ ላይ በካርቶን «የዛሬ ፊልም» ተብሎ በማርከር ተጽፏል። ውስጧ አግዳሚ ወንበር፣ የሲጋራ ጭስ፣ ጫት የያዙ ጎረምሶች፣ ከፊት ደግሞ አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ። ቪዲዮ ቤት ማለት ይህ ነው።

እዚያ ነው ብሩስሊን፣ ጃኪ ቻንን፣ ቫንዳምን የተዋወቅነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ይሁን በቻይንኛ ደንታ አልነበረንም፤ ቡጢ ትርጉም አይፈልግም። አክተሩ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ያቃስታል፤ አክተሩ ተነሥቶ የአፉን ደም በእጁ ጠረግ ሲያደርግ ግን ቤቱ በፉጨት ይናጋል። ምክንያቱም የታወቀ ሕግ አለ፤ አክተር አይሞትም! ከቤቱ ስንወጣ ሁላችንም አክተር ነበርን። ሁለት እንጨት በገመድ አስረን እናሽከረክራለን፤ ከማሳ እርከን ላይ እየጮህን እንዘላለን። አንዱ ጓደኛችን በዚሁ ዝላይ ክንዱን ተሰብሮ ወጌሻ ቤት 40 ቀን ታስሮለታል።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አባቴ ላምባ ግዛ ብሎ 1 ብር ሰጠኝ። መንገዴ በዚያች ቤት በር ነው። «ሁለት ፊልም በ1 ብር» ይላል ካርቶኑ። ገባሁ። ስወጣ ጨልሟል። መግሪብ አልፏል፤ ላምባም ብርም የለም። ቤት ስደርስ ለእናቴ «ኪሴ ተቀዶ ብሩ ወደቀብኝ» አልኳት። አባቴ ምንም አላለም። ሁልጊዜ ከዒሻእ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ቁርአን ይቀራ ነበር፤ ያን ማታ ግን ሙስሐፉን እንዳስቀመጠው በጨለማ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሱሪዬን አምጣ አለችኝ። ኪሱን ገልብጣ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ቀዳዳ የለውም። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። መርፌና ክር አወጣችና ያልተቀደደውን ኪስ ዙሪያውን ሰፋችው። ሱሪውን እየመለሰችልኝ «እንግዲህ አይወድቅብህም ልጄ» አለችኝ። በቀበቶ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን ወደድነው?

ብዙ ጊዜ ወጣቶቻችንን «ይህን ቆሻሻ ተዉ» እንላለን እንጂ ለምን እንደወደዱት አንጠይቅም። እስቲ እንጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራ «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» የሚባል ፊልም አለ። ወገኖቹ የተገደሉበት አንድ ወጣት ትግል ሊማር ወደ ገዳም ይገባል። ወዲያው ቡጢ የሚያስተምረው ግን የለም። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ውኃ ይሸከማል፤ ክንዱን ካወረደ የታሰረበት ስለት ጎኑን ይወጋዋል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፈው ለዓመታት ታግሶ ነው።

እኔ ይህን ሳይ የማስበው ሻኦሊንን አልነበረም፤ የይፋትን ደረሶች ነበር። የእኛ አባቶች ዒልም ፍለጋ ስንቅ ቋጥረው ከአገር አገር ሲዞሩ፣ ሸኹ ፊት ኪታብ ከመዘርጋታቸው በፊት ውኃ ቀድተዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ ኺድማ አድርገዋል። አንዱን ኪታብ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይዘለልም። የልጅ ልብ የሚማረከው በዚህ ነው፤ ደካማው በሰብር ሲጠነክር፣ ተማሪው መምህሩን ሲያከብር፣ ግፈኛው ዋጋውን ሲያገኝ በማየቱ። እነዚህ ባዕድ ነገሮች አይደሉም፤ የራሳችን ናቸው። ልጆቻችን ከእኛ ስላልሰሟቸው በማዳበሪያ ወደ ተጋረደ ቤት ሄደው ፈለጓቸው።

ይሁንና ፊልሙ መልካሙን ከመጥፎው ጋር አደባልቆ ነው የሚያቀርበው። ብዙዎቹ ታሪኮች የሚያልቁት በፍትሕ ሳይሆን በበቀል ነው፤ ይቅር ያለ አክተር እምብዛም አላየሁም። ገዳሙ ውስጥ ለጣዖት ይሰገዳል። ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1978 በሠራው «ሰካራሙ መምህር» በተባለው ፊልም ደግሞ ጀግናው ኃይል የሚያገኘው አረቄ ሲጠጣ ነው። እያሳቀ ስለሚነግረን ኸምርን የኃይል ምንጭ አድርጎ በልጁ ልብ ውስጥ መትከሉን አናስተውልም።

ከፊልሙ ጀርባ

ለተማሪዎቼ ይህን መግለጽ በጣም ጠቅሞኛል። ሰውዬው የሚበረው በወገቡ የታሰረ ቀጭን ሽቦ ስለሚስበው ነው። ከፍ ብሎ የሚዘለው ካሜራው የማያሳየው የሚያነጥር መረብ ስላለ ነው። ፊልም ዘወትር በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፤ ሲቀረጽ ዝግ ተደርጎ ቢቀረጽና በተለመደው ፍጥነት ቢታይ፣ እጁ እንደ መብረቅ ይፈጥናል። ያ «ዷ! ዷ!» የሚለው የቡጢ ድምፅም ኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ ነው።

እውነተኛ የሆነው ደግሞ ያማል። ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1985 «የፖሊስ ታሪክ» በተባለው ፊልሙ በገበያ አዳራሽ ውስጥ መብራት በተጠመጠመበት ምሰሶ ተንሸራትቶ ሲወርድ እጁ ተቃጥሏል። በዓመቱ ደግሞ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከዛፍ ላይ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ 10 ዓመት ያህል በትርኢት ትምህርት ቤት የሠለጠነ ነው። ከማሳ እርከን ላይ የሚዘለው የእኛ ልጅስ?

አክተርም ይሞታል

የልጅነት ጀግናችን ብሩስሊ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር። ስሙን በዓለም ያስጠራው «ዘንዶው ሲገባ» የተባለው ፊልም ገና ለሕዝብ አልቀረበም። ያን ሁሉ ጡንቻ የገነባ፣ ያን ሁሉ ጠላት በፊልም የጣለ ሰው አጀሉ ሲደርስ አንዲት ቀን መጨመር አልቻለም። «አክተር አይሞትም» እያልን ያፏጨን ሁሉ ልናስበው የሚገባ ነገር ነው።

ሳይጨርሰው በሞተውና እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «የሞት ጨዋታ» በተባለው ፊልም ውስጥ ደግሞ 2 ሜትር ከ18 የሚረዝም ጥቁር ሰው ይገጥመዋል። ልጅ ሳለን «ረጅሙ» እያልን ነበር የምንጠራው። ማን እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሪም አብዱልጀባር ይባላል፤ ታዋቂ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ የብሩስሊ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 እስልምናን የተቀበለ ሙስሊም ነው። ቻይና ውስጥም ሁይ ከሚባሉት ሙስሊሞች መካከል ዋንግ ዚፒንግን (1881–1973 እ.ኤ.አ.) የመሳሰሉ ስመ ጥር የትግል መምህራን ወጥተዋል። ሰውነትን ማጠንከር የሌላ ሃይማኖት ንብረት እንዳልሆነ ልጆቻችን ይወቁ።

ሐበሾቹ በመስጊድ ውስጥ

ወደ ዲናችን ስንመለስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እጅግ የሚያስደስት ታሪክ እናገኛለን። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማየት ፈለገች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኩታቸው ጋርደዋት፣ እርሷ ራሷ እስክትሰለች ድረስ ቆመው አሳይዋታል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሊከለክሏቸው ሲሉም እንዲተዋቸው ነግረዋቸዋል።

ይህ ሐዲስ ሁለት ነገር ያስተምረኛል። አንደኛ፣ የኃይልና የቅልጥፍና ጨዋታ ማየት በራሱ ነውር አይደለም። ሁለተኛ፣ አብሮ የቆመ ሰው ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተደብቃ አላየችም፤ ከምትወደው ሰው ትከሻ ጀርባ ሆና እንጂ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠንካራው ሙእሚን ከደካማው የበለጠ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ፣ በሁለቱም ግን መልካም ነገር እንዳለ ነግረውናል። ጠንካራ ማለት ደግሞ በትግል ሰውን የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑንም አስተምረዋል። ፊት ላይ መምታትንም ከልክለዋል። አክተሩ 100 ሰው ጥሎ ቁጣውን መጣል ካቃተው በእኛ ሚዛን ገና አላሸነፈም።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ! ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የልጃችሁ ኪስ ውስጥ ነው። ማዳበሪያ መጋረድ አያስፈልገውም። ስለዚህ «አትይ» ብሎ መጮህ ብቻውን አይበቃም። ልጁ የሚያየውን አስቀድማችሁ እዩት፤ ሐፍረተ ገላ የሚገለጥበትን፣ ኸምርና ሺርክ የሚሞገስበትን ለዩለት፤ የቀረውን ደግሞ አብራችሁት ተቀመጡ። ሽቦውን አሳዩት፤ «ይቅር ቢለው ኖሮስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ወጣቶች ሆይ! የዱሮው ባለ ዴክ ለመግሪብ ብሎ ካሴት አያቆምም ነበር። የዛሬው ስልክ ግን በአንድ ጣት ይቆማል፤ ምክንያት አልቀረልንም። ትግሉን ከወደዳችሁት ደግሞ ከመቀመጥ ተነሡ። ቴኳንዶና ውሹ የሚያሠለጥኑ ክለቦች በየከተማው አሉ፤ ቴኳንዶ ከመመሪያዎቹ አንዱ ራስን መግዛት ነው። በሥልጠና ጊዜ ለሰው ማጎንበስንና የመሳሰሉትን በተመለከተ ግን አስቀድማችሁ ዑለሞችን ጠይቁ።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ያን ሐሙስ ለተማሪዎቼ «አዎ፣ አይቻለሁ፤ ትናንትም አይቻለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። «ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ሥራ ነው፤ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ» ብዬ የኪሴን ታሪክ ነገርኳቸው። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ያየኋቸው ሁለት ፊልሞች የትኞቹ እንደነበሩ ዛሬ አላስታውስም። ያ ያለፈኝ መግሪብ፣ በጨለማ የተቀመጠው አባቴና የእናቴ መርፌ ግን ከዓይኔ አይጠፉም። ከአንድ ፊልም በኋላ የቱ እንደሚቀር በዚህ መዝኑት አልኳቸው።

ጠያቂው ልጅ ሊወጣ ሲል ወደ ኋላ ቀርቶ በዝግታ «ኡስታዝ፣ ለእናትዎ እውነቱን ነገሯት?» አለኝ። አልነገርኳትም ነበር። ማታ ስልክ ደወልኩላት። ስነግራት ሳቀች። «ቀዳዳ ያልነበረው መሆኑን እኔ ሳላውቅ ነው የሰፋሁት?» አለችኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ዕድሜያችንን በምን እንዳሳለፍነው ስንጠየቅ የምናፍርበት መልስ የሌለን ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።