ከሐራራው የሚያተርፈው ማን ነው?

ሱስን የግለሰብ የጠባይ ጉድለት ብቻ አድርጎ የመመልከቱ ልማድ ዛሬም ከብዙዎቻችን አእምሮ አልወጣም። በዚህ አመለካከት መሠረት ሰው የሚሰክረው ሰካራም ስለሆነ፣ የሚቅመውም ሥራ ፈት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው አባባል ለተናጋሪው የኅሊና ዕረፍት ቢሰጥም፣ ከሐራራው ገበያ በስተጀርባ የቆመውን ጥቅም ከዓይን ከመሰወር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ማንኛውም ማኅበራዊ ክስተት መመርመር ያለበት ከበቀለበት ተጨባጭ ሁኔታ በመነሣት ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘውን የዓለም ባንክ ሰፈር እንውሰድ። ስሙ የመጣው በዚያው ዓለም አቀፍ አበዳሪ ድርጅት ከተደገፈ የመኖሪያ ቤት ሥራ ነው። (ስሙን ሰምቶ ነዋሪው ሁሉ ባለ ሀብት የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል።) የታክሲ ረዳቱ፣ የግንባታ የቀን ሠራተኛውና የጉልት ቸርቻሪዋ ገቢያቸውን የሚያገኙት በወር ሳይሆን በቀን ነው። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ የጫት ገበያ የቆመው በዚሁ የቀን ገቢ ላይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ካቲኖኑ ኃይሉ ደካማ ወደሆነው ወደ ካቲን ይለወጣል። ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ፣ የጫነውም መኪና መንገደኛውን እያስደነገጠ የሚከንፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤፍ ሸምቶ ለወር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጫትን ግን አይቻልም። ስለዚህ ወዛደሩ በየዕለቱ ይገዛል፤ የዕለት ደመወዙም ኪሱ ሳያድር ይወጣል።

ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚነሣ ደግሞ ጨብሲ ይከተላል። ቢራው ወይም አረቄው ምርቃናውን ይሰብራል፤ በማግሥቱ የመጠጡን ድካም ለማባረር ጫቱ ይፈለጋል። አንዱ ሸቀጥ ለሌላው ሸቀጥ ደንበኛ ይመለምላል ማለት ነው።

ትርፉስ ወዴት ይሄዳል? በ2003 ዓ.ም. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎች ለሆላንዱ ሄኒከን ተሸጡ። የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 ከመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ቆይቶም ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ ገደማ አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ጎልማሳ 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። ለዚህ ጥቂት አጫሽ ሲባል ብቻ ያን ያህል ገንዘብ አይፈስም። የተገዛው ገና ያልጀመረው ወጣት ነው።

ስልቱ አዲስ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አውራጃ የወይን እርሻ ባለቤቶች የሠራተኛውን ደመወዝ ከፊል በወይን ጠጅ ይከፍሉ ነበር። ልማዱ በሕግ ከተከለከለ ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ እናቶች በእርግዝና ወቅት በሚወስዱት መጠጥ ሳቢያ የሚጎዱ ሕፃናት በዚያ አካባቢ በዓለም ከፍተኛ ከሚባለው ቁጥር ላይ ይገኛሉ።

የራሳችንንም ቅራኔ መሸፋፈን አይገባም። ጫት በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገኘ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ነው። ጧት የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ብሎ ያሞገሰውን ከሰዓት በኋላ የወጣቱ ጠላት ብሎ የሚያወግዝ መድረክ አድማጭ አያገኝም።

ቃሚ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለትም ሳይንሳዊ አይደለም። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው ግማሾቹ እንደሚቅሙ ገልጸዋል። ከእነዚህ ቃሚዎች ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት ግን 17 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም የሚቅሙት ለጸሎት አሳብን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። በከተማ ግን ሾፌሩ የሚቅመው የማያልቀውን የሥራ ሰዓት ለመቋቋም ነው። ቅጠሉ አንድ ሆኖ የተተከለበት ኑሮ ሌላ ነው። በየጎዳናው ማስቲሽ የሚስበው ሕፃንም ረኃቡንና ብርዱን ለመርሳት እንጂ ለመዝናናት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ማስቲሹ ግን ለጫማ ጥገና በሕግ የሚሸጥ ዕቃ በመሆኑ የሚያሳድደው የለም።

በዘመቻ ብቻ ለውጥ ይመጣል ብሎ የሚያምን ካለ የሶቪየት ኅብረትን ልምድ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 በታወጀው የፀረ መጠጥ ዘመቻ የሕዝቡ አማካይ ዕድሜ በእርግጥ ጨመረ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሳሞጎን የተባለው የቤት አረቄ ተስፋፋ፤ ስኳር ከሱቅ ጠፋ፤ ዘመቻውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ። እኛም ዘንድ የሺሻ ዕቃ በየጊዜው ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል፤ ቤቱ ግን በሌላ በር ይከፈታል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ወጣት መሸጥንም ከልክሏል። ይህን የሚቆጣጠረው ከማዕከል የሚላክ ተቆጣጣሪ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የትኛው ግሮሰሪ ለተማሪ እንደሚሸጥ የሚያውቀው የመንደሩ ነዋሪ ነው። ሕክምናን በተመለከተም የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ሆኖ ቆይቷል፤ በሽተኛውን ወደ ሕክምና የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ነው፤ ለዚያውም ነገሩ ሲከፋ።

እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና የተደራጀ ገንዘብ አላቸው። ደንባቸው ግን በአብዛኛው የሚነቃው አባሉ ሲሞት ነው። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ከቀብር ወጪው ጥቂቱ፣ በሱስ የተያዘ አባል ወይም የአባል ልጅ በሕይወት ሳለ ለሚያስፈልገው የመጓጓዣና የመድኃኒት ወጪ እንዲመደብ አንድ የደንብ አንቀጽ ቀርቦ ድምፅ ሊሰጥበት ይችላል።