ቀላል ቤት፣ ከባድ አፈር

ነሐሴ ላይ አልዘጋ ያለ በር መጋቢት ላይ ማንም ሳይነካው ይዘጋል። እንጨት ቢሆን እርጥበት አሳበጠው ይባል ነበር፤ በሩ ግን ላሜራ ነው። ባለቤቱ ብረት ሠራተኛ ጠርቶ ማጠፊያውን ያስነቅላል፣ ያስበይዳል፣ ጥቂት ወራት በሰላም ይኖራል። በጋ ሲገባ ደግሞ በበሩና በመቃኑ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይመጣል። ብረት ሠራተኛው አላጠፋም። የተንቀሳቀሰው ቤቱ ነው።

ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ላየው ታሪኩ እዚያም ተጽፏል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ታች ላይ ፀጉር ያህል ቀጥኖ ላይ ሲደርስ ከሰፋ የቤቱ ጥግ ወርዷል ወይም መሃሉ ተነስቷል ማለት ነው፤ ታች ሰፍቶ ላይ ከቀጠነ ደግሞ መሃሉ ሰምጧል። ብዙ ሰው ይህን ሳያነብ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። በዓመቱ ከተደፈነው አጠገብ ሌላ ይከፈታል።

በአሸዋ ላይ ቤቱን ስለሠራው ሰነፍ ሰው የሚናገረውን የወንጌል ምሳሌ የማያውቅ የለም። ለዚህ ይመስለኛል መጥፎ መሬት ሲባል አሸዋ ቀድሞ የሚታሰበን። ጎርፍ ከማይጠርገው፣ የመሬት መንቀጥቀጥም ከማያሰጋው ቦታ ላይ ያለ ደህና አሸዋ ግን ለመሐንዲስ ክፉ መሬት አይደለም፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አያብጥም፣ አይኮማተርም። አዊ ውስጥ ከእንጅባራና ከዳንግላ ዳር እየተስፋፋ ላለው የመኖሪያ ሰፈር የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ውሃ የሚጠጣ አፈርና የሚጠጣው ውሃ ብዛት።

ሁለቱ ከተሞች የተቀመጡበት ምድር ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር የተዘረጋው የባዛልት ንጣፍ በመሬት ዕድሜ ሲለካ የትናንት ነው። ከእንጅባራ ብዙም የማይርቀው ዘንገና ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የከፈተው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይባላል። እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያሉት ኮረብታዎች ብዙዎቹ ሬድአሽ የምንለው ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ የተከመረባቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ድንጋይ ዘመን ባስቆጠረ ዝናብ ሲበሰብስ አፈር ሆነ። ተዳፋቱ ላይ ውሃው እያጠበ ስለሚወርድ ቀዩ አፈር ቀረ፤ ረባዳውና ሜዳው ላይ ውሃው እየተኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ተፈጠረ። ቁመቷ ከ2,500 ሜትር የሚበልጠው እንጅባራ ከአማራ ክልል ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ ከእሷ ወደ 400 ሜትር ዝቅ የምትለው ዳንግላም በዓመት በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ረጅም ደረቅ ጊዜ ነው። ዋልካ የሚወደው፣ ቤት የሚጠላው እንዲህ ያለውን አየር ነው።

የአዊ አገው ገበሬ መጽሐፍ ሳያነብ ይህን ያውቃል። የቆየውን አሰፋፈር ያየ ሰው ቤቶቹ ከፍ ካለው፣ ከቀዩ አፈር ላይ ሲቀመጡ ረግረጉና ጨፌው ለከብትና ለፈረስ ግጦሽ ሲተው ያስተውላል። ፈረስ በሚከበርበት አገር መስኩም ክብር አለው። ከተማ ሲሰፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳው ለቀያሽ ይመቻል፤ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ ቦታው እኩል እኩል ይቆረሳል።  ስለዚህ አያት ጎጆ ለመቀለስ ያልመረጡት ቦታ ለልጅ ልጅ በቤት ሥራ ማኅበር ዕጣ ይደርሰዋል። ዕጣው በበጋ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም መሬት ድንጋይ ይመስላል።

ዋልካ በውስጡ እጅግ ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች አሉት። ቅንጣቶቹ እንደ ደብተር ገጽ የተደራረቡ ናቸው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ይነፋሉ፣ ሲወጣ ይጣበቃሉ። መጋቢት ላይ ክንድ የሚያስገባው ስንጥቅ፣ ነሐሴ ላይ በሬ የሚያሰምጠው ጭቃ የአንዱ አፈር ሁለት መልኮች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ እንደሆነ ይጠቀሳል፤ ከአፍሪካ በስፋት ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ መሆኑ ነው። የእርሻ ተመራማሪው ለዘመናት ሲያጠናው ኖሯል፤ ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ገበሬው ማሳውን በመደብ ከፍ አድርጎ ውሃውን በቦይ ማስወጣት ያውቅበታል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በቦሌና በከተማዋ ምሥራቅ የሠራ ተቋራጭ ሁሉ የቆፈረው፣ ያወጣው፣ የተማረረበት ጥቁር አፈር ነው።

አፈሩን ለመለየት የሚደረገው የመጀመሪያ ፈተና ለተማሪ ቤት እንኳ አይከብድም። የደረቀ፣ የተወቀጠና በደቃቅ ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር፣ ልኬት ባለው 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ተደርጎ ይጨመራል፤ በማግሥቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነበባል። 15 ካልሞላ ብዙ አያስፈራም። 20 ከደረሰ፣ ማለትም እጥፍ ከሆነ፣ በላዩ የሚያርፈው ቀላል ቤት አደጋ ላይ ነው። ይህ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ሌሎች ፈተናዎች አሉት። ነገር ግን ለስንት ዓመት የተጠራቀመ ቁጠባ ሜዳ ላይ ከመፍሰሱ በፊት አንድ ሌሊት የሚፈጅ ነገር ነው።

«ቀላል ቤት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ እሱ ነውና። ብዙ ሰው የሚያስበው ፎቁ ሲከብድ መሬቱ እንደሚከዳ ነው። ለዋልካ ተቃራኒው ነው። ፎቅ አልባ የብሎኬት ቤት በመሠረቱ በኩል መሬቱን የሚጫነው በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ቶን ያህል ነው። ክፉኛ የሚያብጥ ዋልካ ወደ ላይ የሚገፋው ግን በካሬ ሜትር 10 ቶን ሊደርስ ይችላል፤ አንዳንዱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይገፋል። ባለ አምስት ፎቁ በክብደቱ አፈሩን ይዞ ይቀመጣል፤ መሠረቱም ጠልቆ ስለሚወርድ ክረምትና በጋ የማይደርሱበት አፈር ላይ ያርፋል። ቀላሉ ቤት፣ አጥሩ፣ በረንዳው፣ አስፋልቱ ግን ይነሳሉ።

ሕጋችን ደግሞ ሲመለከት የኖረው ቁመትን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ፎቅ የሌላቸውንና በተሸካሚ መዋቅሮቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦ ነበር። የዚህ ምድብ የጥናትና የባለሙያ ግዴታ ከሁሉም የቀለለ ነበር። አሳቡ ድሃውን በወረቀትና በወጪ እንዳያጨናንቅ ነበር፤ ክፋት የለበትም። ሲቆጠር ግን አፈሩ አብዝቶ የሚያነሳው ቤት፣ አፈሩ የማይመረመርለት ቤት ሆኖ ይገኛል። ስለ ከተማ ዳር ቤቶች ሲነሳ ማዘጋጃ ቤቱም፣ ማኅበሩም፣ ግንበኛውም የሚዘሉት ነጥብ ይህ ነው እላለሁ።

የቀድሞው ጭቃ ቤት ለምን ቆመ ታዲያ? ስላልተሰነጠቀ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ጭዱ ሁሉ ይተጣጠፋል፤ ምርጊቱ ሲሰነጠቅ ለበዓል ይመረጋል፣ ያልፋል። ብሎኬት ግን አይታጠፍም። ሁለት ጣት ከፍ ዝቅ ሲል ጭቃው የሚሸሽገውን ብሎኬቱ በአደባባይ ያወጣዋል። ሰው ጭቃውን ትቶ ብሎኬት ሲያነሳ ደረጃው ከፍ እንዳለ ይሰማዋል፤ እውነቱንም ነው። መሠረቱ ግን እንደ ጭቃ ቤቱ ዘመን ጥልቀቱ ከጉልበት ሳያልፍ ይቀራል። ዝናብና ፀሐይ የዋልካን እርጥበት የሚለዋውጡት ብዙ ጊዜ እስከ ሁለት ሜትር፣ ከዚያም በታች ነው።

መፍትሔ ተብሎ በየቦታው የሚሠራው ጥቁሩን አፈር ዝቆ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ዋልካው ስስ ሆኖ ከሥሩ የበሰበሰ ድንጋይ ቶሎ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዋልካው ጥልቅ ሲሆን ግን አንድ ስህተት ሲደጋገም ይታያል። ሬድአሽ በአገሩ ሞልቷል፣ ቅርብ ነው፣ ይረክሳል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ተቆፍሮ በሬድአሽ ይሞላል። ሬድአሽ ግን ውሃ ያሳልፋል፣ ዙሪያውና ሥሩ ያለው ዋልካ አያሳልፍም። ክረምት ሲገባ የቤቱ ሥር ገንዳ ይሆናል፤ ውሃው እዚያ ተኝቶ ከታች ያለውን ዋልካ ቀን ከሌት ያጠጣዋል። ባለቤቱ ለአፈሩ ገንዘብ ከፍሎ፣ ለአፈሩ የውሃ ጎተራ ሠራለት ማለት ነው። በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ውሃ የማያሳልፍ ገረጋንቲ ይሻላል፤ የግድ ሬድአሽ ከሆነ ውሃው የሚወጣበት ተዳፋት ቦይ አብሮ መቆፈር አለበት። ከኖራ ጋር ማደባለቅም ይሠራል፤ ኖራ የቅንጣቶቹን ባሕርይ ለውጦ እብጠቱን ይቀንሳል። ሕንድ ውስጥ ሩርኪ ያለው የሕንፃ ምርምር ተቋም ሥሩ እንደ ሽንኩርት የሚያብጥ ስስ የኮንክሪት ምሰሶ ለዚሁ አፈር አስለምዷል፤ ምሰሶው ከሚነፋው አፈር በታች ስለሚነክስ ቤቱ አብሮ አይነሳም።

ውሃው ሁልጊዜ ከሰማይ አይመጣም። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ፣ ከሮቶ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ለግድግዳ የተጠጋ የሽንት ቤት ጉድጓድ የቤቱን አንድ ጥግ ብቻ ሲያጠጡ ይከርማሉ። ቤት እኩል ቢነሳ ማንም አያውቀውም ነበር፤ የሚሰነጥቀው አንዱ ጥግ ከሌላው መለየቱ ነው። ዛፍም እንዲሁ ነው፣ በተቃራኒው። ፋግታ ለኮማ ወረዳን ያየ ሰው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ምን ያህል መሬት ይዞ እንደነበርና ከሰሉ በጭነት መኪና ይጫን እንደነበር ያውቃል። የእንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ውሃውን ከአፈሩ ይመጥጣል፤ ለቤት የተጠጋ ዛፍ በበጋ ጥጉን ያሰምጣል። ዛፉ ተመንጥሮ ወዲያው ቤት ሲሠራም ችግር አለ፦ ለዓመታት የደረቀው አፈር ጠጪ ሲያጣ ውሃውን መልሶ እየሰበሰበ ያብጣል፤ ቤቱም አብሮት ይነሳል። ምንጣሮው ላይ አንድ ሁለት ክረምት ማሳለፍ ትልቅ ነገር ነው። ቶሎ ካልተሠራ ቦታው ይነጠቃል የሚል ስጋት ያለበትን ሰው ግን ቆይ ማለት ይከብዳል።

በዚህ ሁሉ ዳንግላ አንድ ያልተጠቀመችበት ሀብት አላት። ዳንገሽታ ቀበሌ ላይ ገበሬዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓድ ውሃቸውን መጠን ሲለኩ ነበር። ጥናቱ ለመስኖ ነበር የታሰበው። የጉድጓድ ውሃ በክረምት የት ድረስ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ግን መሠረት የት እንደማይቆፈርም ያውቃል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እዚያው አዊ ውስጥ አለ፤ የማኅበር ቦታ ከመቆረሱ በፊት ጥቂት ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን ማስመርመር ወጪው ለመቶ አባል ሲካፈል ከአንድ የላሜራ በር አይበልጥም።

ተዳፋቱ ላይ የሚሠራ ሰው ሌላ ስጋት አለው፤ ይህኛው ስንጥቅ ሳይሆን ነፍስ ይወስዳል። ደሴ ከጦሳ ሥር የተቀመጠችው ከተራራው በወረደ ልቅ አፈር ላይ ነው፤ የመሬት መንሸራተቷ ለተመራማሪ የቆየ ርዕስ ነው። ደብረ ሲና አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ የተንሸራተተው መሬት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ጎፋ ዞን ውስጥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. መሬቱ ሲናድ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። የአዊ ተዳፋት እንደ ጎፋ ገደላማ አይደለም። ለቤት ተብሎ የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥ፣ የላይኛው ሰፈር ፍሳሽም ቦይ አጥቶ ወደዚያው ሲለቀቅ ግን ገር ኮረብታም ይከዳል። የተሞላ ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ መሠረት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረው የተከመረ ቆሻሻ ነበር፤ በየከተማው የድሮ ድንጋይ ማውጫ በቆሻሻ ተሞልቶ ሣር ሲበቅልበት ቦታ መስሎ ይታያል።

አሸዋስ? አሸዋ ክፉ የሚሆነው ውሃ ሞልቶት መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 የተከታተሉት መንቀጥቀጦች የከተማውን ዳር ሰፈሮች አሸዋ እንደ ገንፎ አፈሉት፤ መንግሥት 8,000 ያህል ቤቶች ያሉበትን መሬት ለመኖሪያ አይሆንም ብሎ ዘጋው። ኢንዶኔዥያ ፓሉ ላይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ደግሞ ባላሮዋ የተባለው የመኖሪያ መንደር ከነቤቱ ሰመጠ። አዊ ከስምጥ ሸለቆው የራቀ ስለሆነ ይህ ስጋት ወደ ኋላ የሚሰለፍ ነው። ከነዚያ ሰፈሮች ጋር የሚመሳሰለው በሌላ ነው፦ ክራይስትቸርችም ቢሆን ረግረግና የወንዝ ዳር የነበረ ሜዳ ነው ተቆርሶ የተሸጠው።

ቤቱ ተሠርቶ ያለቀለት ሰው ብዙ አማራጭ የለውም፤ ያለው ግን ከንቱ አይደለም። አሸንዳ ማስገጠም፣ የቤቱን ዙሪያ ወደ ውጭ አዘንብሎ በሲሚንቶ መከለል፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ መጠገን፣ አዲስ ዛፍ ሲተከል ቢያንስ በቁመቱ ልክ ማራቅ ብዙ ቤት አትርፏል። ስንጥቁን ለመድፈን አይቸኩል። መጀመሪያ እርሳስ ይዞ ጫፉ የደረሰበት ላይ ሰረዝ ያስምር፣ ከጎኑ ቀኑን ይጻፍ፦ ሰኔ 10፣ መስከረም 5፣ ጥር 20። ዓመት ሲሞላ ሰረዞቹ ከተራራቁ መሐንዲስ ይጥራ፤ እዚያው ላይ ከተደራረቡ ለግንበኛው ይደውል።