ከቀለሙ በታች ያለው ነጭ

«ማሽን የአምስት መቶ ዓመት ሥዕል በሦስት ሰዓት ተኩል አደሰ፤ ከእንግዲህ የሥዕል ጠጋኝ አያስፈልግም።» በጁን 2025 የተነሳው ይህ ወሬ እስካሁን ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወሬውን ያመኑ ሰዎች አስከትለው የሚጠይቁት ደግሞ ይበልጥ ያበሳጫል፦ ታዲያ በ2020ው ፍንዳታ ቤሩት ውስጥ የተጎዱት ሥዕሎች ለምን ዓመታት ፈጁ? አትሞ መለጠፍ አልነበረም?

አልነበረም። ወሬው የተነሳበት ሥራ ግን እውነተኛ ነው፣ ድንቅም ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን በትክክል እናስቀምጠው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የድኅረ ምረቃ ተማሪ አሌክስ ካችኪን «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጥናት አወጣ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንጨት ላይ በዘይት ቀለም ከተሳለ አንድ ሥዕል ላይ 5,612 የተጎዱ ቦታዎችን ለየ፤ ለመሙያ የሚሆኑ 57,314 ዓይነት ቀለማትን በኮምፒውተር አሰላ፤ ከዚያ በጣም ስስ በሆነ የፕላስቲክ ሽፋን ላይ አትሞ በቫርኒሽ አጣበቀው። ሙሊቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ፤ በእጅ ከመሙላት 66 ጊዜ ያህል ይፈጥናል ብሎም ገመተ። ወሬው የዘለለው፣ ሥዕሉ አስቀድሞ በተለመደው የእጅ ዘዴ መጠረጉንና የቀድሞ ጠጋኞች የቀቡት ቀለም መነሳቱን ነው። ሦስት ሰዓት ተኩሉ የመጨረሻው ደረጃ ሰዓት ነው።

ቤሩት ላይ ነገሩ ከዚያ ደረጃ እጅግ በፊት ይጀምራል። ከተማዋን አብዛኞቻችን የምናውቃት እዚያ በሚሠሩ እህቶቻችን በኩል ስለሆነ ኦገስት 4 ቀን 2020 (ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.) ማታ የሆነውን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወደብ ላይ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከወደቡ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይርቀው አሽራፊዬ ሰፈር፣ ሱርሶክ ሙዚየም ባለቀለም መስኮቶቹ ረገፉ። ኬስ ቫን ዶንገን የሳለው የመሥራቹ የኒኮላ ሱርሶክ ምስል ተቀደደ፤ ለጥገናም ፓሪስ ፖምፒዱ ማዕከል ሄደ። ሙዚየሙ ዳግም የተከፈተው በሜይ 2023 ነው። ጎረቤቱ ሱርሶክ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የነበረውን የሠዓሊዋን የአርቴሚዝያ ጄንቲሌስኪን ሥዕል «ሄርኩለስና ኦምፋሌ»ን ደግሞ ስብርባሪ በሳው። እሱም ሎስ አንጀለስ ጌቲ ሙዚየም ታክሞ ለሕዝብ የታየው በዚያው በጁን 2025 ነበር፤ ሁለቱ ዜናዎች የተደባለቁት ለዚህ ይመስለኛል።

የተበሳ ሸራ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የመስታወት ስብርባሪው ይለቀማል፤ የተጣመመው ጨርቅ በእርጥበትና በክብደት ቀስ እያለ ይቃናል፤ የተበጠሰው ክር ከጓደኛው ጋር በማጉያ መነጽር እየታየ ይገጠማል፤ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ ከዙሪያው ቀለም ጋር እኩል ይደረጋል። ማተሚያ ማሽን ክር አይቀጥልም።

አሁን ወሬው ጨርሶ ወዳልነካው ነገር፣ ወደ ነጩ ልምጣ። የማተሚያ ቀለማት፣ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ከግድግዳ ቀለም የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ስስና ብርሃን አሳላፊ ናቸው። ብርሃን ቀለሙን አልፎ ከሥር ያለው ነጭ ወረቀት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ነጥሮ እንደገና በቀለሙ ውስጥ አልፎ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ሲገባም ሲወጣም ቀለሙ የድርሻውን ይውጣል። ስለዚህ ብርሃኑን የሚሰጠው ወረቀቱ ነው፤ የቀለሙ ሥራ መቀነስ ብቻ ነው። አንድ ስስ ባለቀለም ነጠላ በነጭ ቀሚስ ላይ ሲደረብና በጥቁር ካፖርት ላይ ሲደረብ የሚያሳየውን ልዩነት አስቡት። ከሥር ቡናማ እንጨት ወይም የጠቆረ ሸራ ካለ ቢጫው ይደፈርሳል፣ ሰማያዊው ይጠቁራል፤ ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም።

መፍትሔው ከቀለሙ በታች ነጭ ማተም ነው። ነጩ ቀለም ውስጥ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ይታጠፋል፤ ሁለቱ ነገሮች ብርሃን በማጠፍ ኃይላቸው በተለያዩ ቁጥር እጥፋቱ ይበረታል። የዚህ ዱቄት የማጠፍ ኃይል በቁጥር 2.7 አካባቢ ሲሆን ያቀፈው ማጣበቂያ ግን 1.5 ገደማ ነው። የቅንጣቷ መጠን ደግሞ ሩብ ማይክሮን ያህል (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ማለትም ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ግድም፤ ብርሃን ለመበተን የተመቸው መጠን ይኼ ነው። ብርሃኑ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየተላጋ ሳይዋጥ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ስስ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ጥቁረት የሚደብቀው በዚህ ነው። ካችኪንም ያተመው ሁለት ንብርብር ነው፤ አንዱ ባለቀለም፣ አንዱ ነጭ። ሁለቱ በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ይህን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው የአሮጌ ፒንቦል (ተዳፋት ገበታ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት ማሽን) ገበታ ሲታደስ ይመልከት። የቺካጎው ጎትሊብ ኩባንያ ኳሷን መልሰው የሚመቱ ክንፎች ያሉትን የመጀመሪያውን ማሽን፣ «ሃምፕቲ ደምፕቲ»ን፣ በ1947 አወጣ። ገበታው ሜፕል እንጨት የለበሰ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሥዕሉ በሲልክ ስክሪን አንድ በአንድ ቀለም እየተደረበ ታትሞበታል። 80 ግራም ያህል የምትመዝን የብረት ኳስ ዓመታት ስትንከባለልበት ከብረት ብናኝ ጋር የተቀላቀለው ቆሻሻ ቀለሙን ይፍቀዋል፤ ክንፎቹ አጠገብ ባዶ እንጨት ይወጣል። አዳሹ ሥዕሉን በስካነር አንስቶ፣ የጠፋውን በኮምፒውተር ስሎ ወይ እንደ ስቲከር ባለ ሽፋን ያሳትማል፣ ወይ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወዲያው በሚደርቅ ቀለም ገበታው ላይ በቀጥታ ያስመታል። በሁለቱም መንገድ ነጩ ከቀለሙ ሥር ይሆናል። ነገር ግን ገበታው ላይ ከሥራቸው አምፖል የሚበራባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ መስኮቶች አሉ፤ እነሱ ላይ ነጭ ካረፈ መብራቱ ይታፈናል። ስለዚህ ነጩ በመስኮቶቹ ልክ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ግማሽ ሚሊሜትር ከሳተ በአንድ ወገን ነጭ ክር፣ በሌላው ጥቁር ክር ይታያል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጎድጓዳው ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ አለዚያ አዲሱ ሥዕል ላይ ኳሷ ትዘላለች፣ የስቲከሩም ጠርዝ ይላጣል። እዚህም እትመቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ነጩ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ወጥመድ ይቀራል። ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት ስለሆነ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዱቄቶች በአንድ መብራት ሥር አንድ ሊመስሉት ይችላሉ፤ መብራቱ ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የሚወጣው ጥንታዊ ሰማያዊ ከሚታየው ብርሃን ቀይ ጫፍ ላይ እንደገና ብርሃን መመለስ ይጀምራል። ማተሚያ ቤት ያለው ሲያን፣ በ1930ዎቹ ገበያ የገባው ፍታሎሲያኒን፣ ይህ ጠባይ የለውም። በቀን ብርሃን ተመሳስለው የታዩት ሁለት ሰማያዊዎች ቀይ በሚበዛበት የጧፍ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተሞላው ቦታ እንደ ጠባሳ ይወጣል።

በጠጋኞች ዘንድ ያልተዘጋ ክርክርም አለ። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር የጎደለውን መሙላት ሲፈቅድ ሙሊቱ ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ከነባሩ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ ያስፋፋው ዘዴ የጎደለውን በቀጫጭን ጭረቶች ይሞላል፤ ከሩቅ ሙሉ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ ጥገናነቱ ይነበባል። የካችኪን ሽፋን ከዚህ ትምህርት ጋር ሙሉ በሙሉ አይጣላም፤ ሊነሳ ይችላል፣ የት ምን እንደተሞላም በፋይል ተመዝግቧል። ይህ ከፍጥነቱ ይበልጥብኛል። 66 እጥፍ የሚለው ቁጥር ግን የአንድ ሥዕል ግምት ነው፤ ወለሉ ወጣ ገባ በሆነ፣ ቀለሙ እየተቀረፈ ባለ ሥዕል ላይ ያው ይሆናል ማለት አይቻልም። የሥዕሉ የጎደለ ክፍል ፊት ሲሆንና ፎቶግራፍ ሳይኖር፣ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግምት እንጂ የሠዓሊው እጅ እንዳልሆነም በግልጽ መነገር አለበት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ቤሩት ብቻ አስቤ አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሮ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕላቸው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ይተነፍሳል፤ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ያወጣል። የፕላስቲክ ባነር ወይም ስቲከር ቢለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ የሚሟሟው ጨው ከቀለሙ ሥር ይከማችና ነባሩን ሥዕል ከጀርባው ገፍቶ ይጥለዋል። የደብር አባቶችም ሆናችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ «አትመን አዲስ እናደርገዋለን» የሚል ሰው ሲመጣ ሽፋኑ ነባሩን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሳ አስረዱን በሉት፤ ናሙናውንም በቀን ብርሃንና በጧፍ አሳዩን በሉት። መልስ ከሌለው አሰናብቱት። እስከዚያው ሥዕሎቻችሁን ከቀለም መለኪያ ካርድ ጋር በጥሩ ካሜራ አንሱ፤ ቅጂውንም ከሕንጻው ውጭ አስቀምጡ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ጠጋኙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን ፎቶግራፍ ነው።